የታኅሣሥ አራት እሁዶች

አዳራሹን የሠሩት ገበሬዎች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ዛሬ ዛሬ ሌላ ሰው ሠራው ሲባል ስለምሰማ ነው። ድንጋዩን ከለገዳራ ወንዝ በትከሻቸው አወጡ። ግንዱን ከኮንጋ ጎተቱ። ሴቶቹ አሸዋ በቅርጫት ተሸከሙ። ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። ሲያልቅ ስድስት መቶ ሰው የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለእኔ ከዲላ ሁሉ ትልቁ ቤት እሱ ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ አንድ ሰው ፊት ቆሞ ቀስ ብሎ ቢናገር በሩ አጠገብ የተቀመጠው ይሰማዋል። አባቴ ደበበ የመዘምራኑ መሪ ነበር። «ይህ ቤት ራሱ ይዘምራል፤ እኛ አጋዦች ነን» ይል ነበር።

በ1971 ዓ.ም. መስከረም ላይ በሩ ታሸገ። «መጤ ሃይማኖት» ተባለ። በማግስቱ አባቴ ቤት ሳይገባ ቀረ። እናቴ አሰገደች «ጨለለቅቱ ሄዷል፤ ቡና ደርሷል» አለችኝ። አባቴ የቡና ማጠቢያ ሠራተኛ ስለነበር አመንኳት። ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሳህን ምግብ ቋጥራ ትወጣለች። ለማን እንደምትወስድ አልጠየቅኋትም።

ኅዳር ሲያልቅ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአዳራሹ በር ወለል ብሎ አየሁት። ሮጬ ገባሁ። መስቀሉ የለም። ሰባኪው የሚቆምበት አትሮንስ የለም። በቦታው የቡና ማስጫ ጣውላ ተደርድሮ መድረክ ሆኗል፤ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ግድግዳው ላይ የሦስት ጢማም ሰዎች ሥዕል ተሰቅሏል። ሐዋርያት መሰሉኝ። ጴጥሮስ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስሞክር አባቴ በጎን በር ገባ።

አኮርዲዮኑን ታቅፏል። ከስቷል። ከኋላው ጠመንጃ የያዘ ሰው ይከተለዋል።

«አባዬ!» ብዬ ተጠመጠምኩበት።

እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ። «አደግህ» አለኝ። ከተለያየን ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነበር።

ቤት ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ቁጭ አለች። «አዳራሹን እንዲያዘጋጅ ሥራ ሰጥተውት ነው። እዚያው ነው የሚያድረው» አለችኝ።

«ጠባቂም ሰጡት?»

«አዎ። ጠባቂም ሰጡት።»

ዛሬ ሳስበው በዚህ በዚህ አልዋሸችኝም።

ኩራቴን ይዤ ወደ ጠሃ ሄድኩ። ጠሃ የነጋዴው የጋሽ ባህሩዲን ልጅ ነው፤ ሱቃቸው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነበር።

«አባቴ ጠባቂ አለው» አልኩት።

«እስረኛ ነዋ!»

«ጠባቂ ያለው እስረኛ የታለ? ጓድ ግዛቸውም ጠባቂ አላቸው። እሳቸውም እስረኛ ናቸው?»

ጠሃ ጆሮውን አከከ። «የጓድ ግዛቸው ጠባቂ ከፊት ነው የሚሄደው። ያባትህ ከኋላ ነው።»

«ከኋላ የሚመጣ ጠላት እንዳይመታው ነዋ! ደንቆሮ!»

ተደባደብን። ከንፈሩን አደማሁት። ጋሽ ባህሩዲን ወጥተው አላቀቁን። በምን እንደተጣላን ሲሰሙ የመቱት የራሳቸውን ልጅ ነው። ያኔ የፈረዱልኝ መሰለኝ። ጠሃ የተመታው እውነት በመናገሩ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ የምታመጣውን ቆጮና ጎመን ጠባቂው በጣቱ ሳይበረብር አያሳልፍም፤ አንዳንዴም ይጎርስለታል። ንጉሥ ምግቡን ሰው ቀምሶለት ነው የሚበላው ሲባል ሰምቼ ነበር። አባቴም እዚያ ደረጃ ደረሰ ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው ግን የተደበቀ ወረቀት ነበር የሚፈልገው። የሚጎርሰውም በራፍ የሚቆም ሰው ስለሚርበው ነው።

ጓድ ግዛቸው ያን ዓመት የተመደበ ካድሬ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ስለነበር ማንንም አያውቅም፤ ስለ እኛ ቤተ ክርስቲያንም መታሸጉን እንጂ ሌላ አያውቅም። ያወጣው ዕቅድ እንዲህ ነው። ገበሬው ለገና በየቤቱ ተሰብስቦ ከሚጸልይ አዳራሽ ይግባ። እስከ ገና ባሉት አራት የታኅሣሥ እሁዶች የኪነት ትርኢት ይኑር። ያን ዓመት ገና የዋለው እሁድ ስለነበር አራተኛው ትርኢት የገና ዕለት ሆነ፤ ለዚያ ቀን ከክፍለ ሀገር እንግዶች ተጠሩ። ችግሩ፣ ከተማው ውስጥ በአራት ድምፅ ከፍሎ መዝፈን የሚችል ከእኛ መዘምራን በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ ወጣቶቹን ከየቤታቸው ሰበሰበ፤ አባቴን ከእስር ቤት አወጣ። «ትርኢቱ ካማረ የገና ዕለት ቤትህ ትገባለህ» አለው።

እናቴ ለእኔ ስትነግረኝ አሳጠረችው። «ትርኢቱ ካማረ አባትህ ለገና ቤት ይመጣል።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰብኩም። እኔም ከኪነት ቡድኑ ጋር ገባሁ። ቀጭን ድምፅ ያስፈልጋል ብሎ አባቴ ነው ያስገባኝ። አሁን ሲገባኝ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ልጁን የሚያይበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ልምምዱ ደስ ይል ነበር። አባቴ በጣቶቹ ያስተምራል። አንድ ጣት ሲያነሣ ወፍራሞቹ፣ ሁለት ሲያነሣ ከእነሱ ከፍ ያሉት ይገባሉ። አራት ጣት የእኛ የልጆቹና የሴቶቹ ነው። አውራ ጣቱን ካጠፈ ሁሉም ዝም ይላል። ጓድ ግዛቸው ግጥሙን በወረቀት ይዞ ይመጣል።

«ዜማውን አንተ አምጣ» ይለዋል።

«እሺ፣ አመጣለሁ።»

«ደግሞ መዝሙር አትበል። ኅብረ ዝማሬ በል።»

«ኅብረ ዝማሬ» ይላል አባቴ።

ዜማዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር። ከመዝሙር መጽሐፋችን ናቸው። አላስገረመኝም። ቃላቸውን መለወጥ ለበዓል አዲስ ልብስ እንደ መልበስ ነበር የቆጠርኩት። ለገና ዕለት አባቴ የመረጠው ራሱ ከዓመታት በፊት ለገና የደረሰውን መዝሙር ነው። መነሻውን እኔ ብቻዬን እንድለው ሰጠኝ። ዱሮ እንዲህ ነበር፦

ሌሊቱ አለፈ፣ ኮረብታው ነጋ፤
ሕፃኑ መጣ ከእኛ ሊጠጋ።

አባቴ ሕፃኑ የሚለውን አውጥቶ አብዮቱ የሚለውን አስገባ። ሌላውን አልነካውም። ጓድ ግዛቸው አንብቦ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ሸጋ ነው! ማነው የጻፈው?»

«ሰፊው ሕዝብ» አለ አባቴ።

ከወጣቶቹ አንዷ ሳቋን ለመደበቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ምን እንዳሳቃት አልገባኝም።

የመጀመሪያው እሁድ ገበሬዎቹ ከወናጎ በመኪና ተጫኑ። መኪናው የጋሽ ባህሩዲን ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው፤ በትእዛዝ ተወስዶ። እሳቸውም በትእዛዝ አዳራሽ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ገበሬዎቹ ሲገቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም ሳያዝዛቸው ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ተቀመጡ። እንደተቀመጡም ግንባራቸውን ከፊታቸው ባለው አግዳሚ ላይ ደፉ። ዝማሬው ሲጀመር አንዳንዱ ቀና አለ፤ ብዙው ግን እንዳቀረቀረ ቀረ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድም ሰው አላጨበጨበም። አንድ የቀበሌ ሰው ብድግ ብሎ «ጭብጨባ!» ሲል ነው ያጨበጨቡት።

ደሜ ፈላ። አባቴ ያን ያህል ደክሞ እነሱ ይተኛሉ! ትርኢቱ አላማረም ቢባል ቤት አይመጣም። ከመድረኩ ላይ አንድ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ላይ አፈጠጥኩ። ሽማግሌው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በእንቅልፋቸው የሚቀባዥሩ መሰለኝ።

ጓድ ግዛቸው ግን ተደስቷል። ከትርኢቱ በኋላ «አያችሁ? ገበሬው ለአብዮቱ አንገቱን ደፋ» ሲል ሰማሁት። አባቴ አኮርዲዮኑን እየጠረገ ነበር፤ መጥረጉን ቀጠለ።

በሁለተኛው እሁድ መኪናው ከመሄዱ በፊት ሰው መጣ። ከኮንጋ ያልተጠራ ሰው በእግሩ መጣ፤ እግሩን በራፍ ላይ ጠርጎ ገባ። ቦታ ጠበበ። ጋሽ ባህሩዲን እናቴን አዩና ጠጋ አሉ።

«አሰገደች፣ እኔ በእድሜዬ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም ነበር። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው» አሏት ቀስ ብለው።

እናቴ ደነገጠች። «ጋሽ ባህሩ፣ እባክዎ!»

«ምን አልኩ? እኔ ዘፈን ነው የሰማሁት። ሸጋ ዘፈን ነው።»

ሙስሊሙ ነጋዴ በሁለተኛው እሁድ ገብቶታል። ከዚያ ወዲያ ግን እስከ መጨረሻው ከአፉ አላወጣውም። ይህን ለይታችሁ ያዙልኝ።

ካቀረቀረው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ብቻ ቀና ብሎ ያይ ነበር። ጋሽ ሰብስቤ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ የነበሩ። ክንዳቸውን አጣምረው ዓይናቸውን ከአባቴ ላይ ሳይነቅሉ ይቀመጣሉ። ወደድኳቸው። ከዚህ ሁሉ እንቅልፋም አንድ ሰው እንኳ አባቴን በደንብ ይሰማዋል አልኩ።

ሦስተኛው እሁድ መስኮቶቹም በሰው ተሞሉ። አንዲት ሴት ስታለቅስ አየሁ። ስወርድ አንድ የኮንጋ ሽማግሌ እጄን ያዙ። አማርኛቸው የጌዴኦ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅ ጥሩ አላት። ተባረኪ» አሉኝ። ወንድ ነኝ ልላቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ ስለሞላ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ የገና ዋዜማ፣ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ውሃ ልጠጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጓድ ግዛቸው ቢሮ ከአዳራሹ ጀርባ ነው፤ ዱሮ የሰንበት ትምህርት የምንማርበት ክፍል። ጋሽ ሰብስቤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከዚያ ሲወጡ አየኋቸው። ፊታቸው ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ለአባቴ ነው የመጡት?» አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ። «አዎ ልጄ። ስለ አባትህ ነው።»

«ነገ ቤት ይመጣል?»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» አሉና ሄዱ።

ጋሽ ሰብስቤ ለአባቴ ለመኑለት ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ ጌታን አመሰገነች። ያን ከሰዓት የአባቴን ኮት አውጥታ አየር አስነካች፤ ዶሮዋን አሰረች፤ ግቢውን ጠረገች። እህል የቀመስኩት አንድ ጊዜ ይመስለኛል። ደስታው አጥግቦኝ ነበር።

የገና ዕለት እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ። ሕዝቡ ከዱሮው የበለጠ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ለእንግዶቹ ክብር መሰለኝ። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ግድግዳውን በዓይኑ ዞረው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ዘነበ፣ ያንተን ስንኝ በንባብ በላት።»

«ምን?»

«በንባብ። ዜማ አታውጣ። እንደ ትምህርት ቤት ግጥም አንብባት።»

«ለምን?»

«እኔ ስላልኩህ።»

አራት ሳምንት ስለማመድ ከርሜ! ድምፄን አፈረበት ብዬ አሰብኩ። ትርኢቱ ካላማረ ደግሞ ቤት አይመጣም፤ ንባብ ምን ያምራል? ይህን የሚያውቅ ሰው እንዴት አንብብ ይለኛል? ተራዬ ሲደርስ ወደ ፊት ወጣሁ። አኮርዲዮኑ አልተከፈተም። ሕዝቡ አቀርቅሯል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል።

ዘመርኩ። ከሆዴ አውጥቼ ዘመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ከአፌ የወጣው የዱሮው ቃል ነው።

«ሕፃኑ መጣ ከእኛ ሊጠጋ።»

ከታች ስድስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ፣ «አሜን» አለ።

ጓድ ግዛቸው ብድግ አለ። እጁን ወደ ግድግዳው ሰዎች አወዛወዘ። መጋረጃው ተሳበ። አባቴን በጎን በር ይዘውት ወጡ። ውጪ መኪና ቆሞ ነበር፤ ሞተሩ ይሠራል። እናቴ ስትሮጥ ደርሳ ኮቱን ወረወረችለት። ዶሮዋን ከሦስት ቀን በኋላ ፈትታ ለቀቀቻት።

አባቴ የታሰረው አራት ዓመት ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ሰብስቤ ሊያጽናኑን ቤት መጡ። እናቴ ወጥ ቤት ስትገባ ከፊታቸው ቆምኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። በንባብ በል ብሎኝ ነበር። እንቢ ብዬ ዘመርኩ። በእኔ ምክንያት ነው የወሰዱት።»

መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ።

«ልጅ ነህ። እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል» አሉኝ። «ለማንም አትናገር።»

ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሳምኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘኋቸው ቁጥር፣ ገበያ መካከልም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ሰው «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ በ1975 ሲመለስ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች አልታጠፍ ብለውት ነበር። ለእሱም አልተናገርኩም። ጣቶቹን ባየሁ ቁጥር እኔ ነኝ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አደግሁ። ጺም አበቀልኩ፤ ሥራ ያዝኩ።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ። በማግስቱ ዓመት መስከረም አዳራሹ ለቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። ጢማሞቹ ወረዱ፤ መስቀሉ ወጣ። አባቴ ከስንት ዓመት በኋላ ሲያፏጭ ሰማሁት። ለመጀመሪያው ገና መዘምራኑን ለመምራት ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ «መጀመሪያ ያለፈው ነገር ይጥራ» አሉ። ያለፈው ነገር ምንድን ነው? የእግዚአብሔርን ዜማ ለአብዮት ሰጥቷል። በምእመናን ፊት ይቅርታ ይጠይቅ።

ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ከስብከት በኋላ ጉባኤ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ጠረጴዛ ይዘዋል፤ ጋሽ ሰብስቤ መካከል ናቸው። ጸሐፊው ትልቁን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ዘርግቷል። አባቴ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ወንበር የሰጠው የለም። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው እኩሌታው በእነዚያ አራት እሁዶች አቀርቅሮ የሰማ ነው። ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ ከመድረክ ላይ አይቻቸዋለሁ።

ጋሽ ሰብስቤ ተነሡ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ አልረሳሁትም።

«እኔ በዚያ ክፉ ዘመን ዝም አላልኩም። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ እኔ ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ካድሬው ዘንድ ገብቻለሁ። ‹ይህ የምታስዘፍኑት የእግዚአብሔር ዜማ ነው፤ ሁሉም ከመዝሙር መጽሐፋችን የተወሰደ ነው፤ አታርክሱብን፣ አስቁሙልን› ብዬዋለሁ። ሰውየው ደነገጠ። ‹እንግዶች ተጠርተዋል፤ የነገውን ማስቀረት አልችልም። ደበበ ግን ትርኢቱ እንዳለቀ ይሄዳል። መኪና አዘጋጃለሁ› አለኝ። ለዜማችን እንዲህ ቆሜያለሁ።»

ከፊት ወንበር አንዱ «ጌታ ይባርክዎ» አለ።

ቅዳሜ። እኔ አፌን ከመክፈቴ አንድ ቀን በፊት። ባነበውም፣ ብዘምረውም፣ ዲዳ ብሆንም መኪናው ተዘጋጅቷል። ሰብስቤ ይህን ያውቅ ነበር። ያንን እያወቀ የስምንት ዓመት ልጅ ጉልበቱ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ «እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል» አለው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን አስሳመኝ።

ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም።

አባቴም ይህን ገና መስማቱ ነበር። ግንባሩ ተቋጠረና ተፈታ። «ምን ትላለህ?» ሲሉት፣ «ዜማው እንዳይረሳ ብዬ ነው ያደረግሁት። ያዘነብኝ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም። መዘምራኑ ፊት መቆም ፈልጎ ነበር፤ ለእሱ ሲል ዋጠው።

«ይቅር የምትሉት እጃችሁን አንሡ» አለ ሰብስቤ።

እጅ ወጣ። ያ የኮንጋ ሽማግሌ እንኳ፣ «ተባረኪ» ያሉኝ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ እጃቸውን አወጡ። ማንን ነው ይቅር የሚሉት? አሜን ያሉት እነሱ አይደሉም? እኔ እጄን ጭኔ ላይ እንዳለ ተውኩት። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «የገዛ ልጁ!» ስትል ሰማሁ።

አባቴና እኔ ቀድመን ወጣን። የጋሽ ባህሩዲንን ሱቅ አልፈን ወደ ታች ወረድን። መጨረሻ ላይ አባቴ ጠየቀኝ።

«እጅህን ለምን አላወጣህም?»

«ምን አጥፍተህ?»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን ለገና ልመራ ነው። ተወው፤ አልፏል።»

«ለእኔ አላለፈም» አልኩት። ከዚያ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ያሳሰርኩህ እኔ ይመስለኝ ነበር።»

ቆመ። «አንተ? በምን?»

«በንባብ በል ብለኸኝ ዘመርኩ።»

«ልጄ፣ ያ እኮ አንተን እንዳይነኩብኝ ብዬ…» ብሎ አቋረጠ። «ለማን ተናግረህ ታውቃለህ?»

«ለሰብስቤ። በዚያው ሳምንት። አለቀስኩበት።»

«ምን አለህ?»

«እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል አለኝ። ለማንም አትናገር አለኝ።»

አባቴ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ሲያስሩት አልተቆጣም፤ ጣቶቹን ሲያሳየን አልተቆጣም፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት እንደ ሌባ ሲያቆሙት አልተቆጣም። አሁን ከንፈሩ ነጣ። ዞሮ ዳገቱን ተያያዘው። ደክሞት እንኳ አልቆመም። ከኋላው ተከተልኩት።

ሽማግሌዎቹ ከጠረጴዛው አልተነሡም። ጸሐፊው ይጽፋል። ገሚሱ ሕዝብም በራፍ ላይ ቆሞ ያወራል። አባቴ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሄደ።

«ይቅርታዬን መልሱልኝ» አለ።

ሰብስቤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ደበበ፣ ምን ነካህ? ተፈጽሟል እኮ። ለገና መዘምራኑን ትመራለህ።»

«አልመራም። ይቅርታዬን መልሱልኝ።»

«ይቅርታ ይመለሳል እንዴ?»

«የእኔ ይመለሳል።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ቤት ከፍ ማድረግ አይጠይቅም፤ በራፍ ላይ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። «እኔን ለካድሬው ሰጠኸኝ። ለዜማው ቀንተህ ነው፤ እሺ፣ በሞኝነትህ ነው ልበል። ይህን ልጅ ግን አውቀህ ነው። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ከአንተ በቀር የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። አሸከምከው። አሸክመህም ባረክኸው።»

«ላጽናናው ብዬ ነው…»

«ስምንት ዓመቱ ነበር!»

ሰብስቤ ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዞረ። ሌሎቹ ወደ መዝገቡ አዩ።

«ሰርዘው» አለ አባቴ ጸሐፊውን።

«ጋሽ ደበበ፣ ቃለ ጉባኤ እኮ አይሰረዝም። ደግሞ በሙሉ ድምፅ ነው የተወሰነው።»

«በሙሉ ድምፅ?»

«እንደዚያ ነው ጻፍ የተባልኩት።»

አባቴ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደ። የማይታጠፉት ጣቶቹ ስላስቸገሩት መዝገቡን በግራ ክርኑ ተጭኖ ያዘ። ይቅርታ ጠይቋል በሚለው ላይ አንድ መስመር፣ በሙሉ ድምፅ በሚለው ላይ ሌላ መስመር አሰመረ። ጠርዙ ላይ ስሙን ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አዞረው።

«አንተም ጻፍ» አለኝ።

ዘነበ ደበበ ብዬ ጻፍኩ።